ማፊ ሞያ

ይድረስ ለምወድዎትና ለምፈራዎት አባቴ፣ ለአቶ ደረበ፤ ወገራ።

አባባ፣ እንደምን ከርመዋል? ዓይንዎ እንዴት ነው፣ ተሻለዎት ወይስ እንደዚያው ነው? ያ የግራ ጉልበትዎስ ከብርዱ ጋር ታረቀ? ጾሙ እንዴት ይዞዎታል? ሐኪሙ ያለዎትን ትተው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንደሚቆዩ አውቃለሁ። ብነግርዎም አይሰሙኝም፤ ዞረው ደግሞ ግትርነቱን ከማን ወረስሽው ይሉኛል። እማዬስ ደህና ናት? ራሷን የሚያማት ነገር ተዋት? ገብሱ እንዴት ገባ? ቡሬዋስ ወለደች? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር ደህና ነኝ። ቆላው ሙቀቱን ጀምሯል፤ የቡሎን መፍቻ ፀሐይ ላይ ረስተው ቢያነሱት መዳፍ ይልጣል። ሌላው ሁሉ ደህና ነው።

ማስተዋል እህቴ፣ ይህን የምታነቢላቸው አንቺ ስለሆንሽ አስቀድሜ ላስጠንቅቅሽ። አባባ «በቃ እጠፊው» ቢሉሽ እንዳታጥፊው። ይቆጣሉ ብለሽ የፈራሽውንም መስመር እንዳትዘይው። ሰሞኑን በስልክ ልነግራቸው ገና ስጀምር ጆሮዬ ላይ ዘጉብኝ፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ኔትወርኩ ራሱ ጠፋ። ደብዳቤ ግን ጆሮ ላይ አይዘጋም። ለዚህ ነው ማሽላ ውቂያውን ጨርሶ ወደ አገሩ በሚመለሰው በጎረቤታችን ልጅ በይርዳው እጅ የላክሁት።

አባባ፣ ባየልኝ መልእክትዎን ያደረሰኝ ሰሊጥ በሚታጨድበት ሰሞን ነበር። የአጎቴ ልጅ ነውና ለብቻዬ ጠርቶ ይነግረኛል ብለው ልከውት ይሆናል። እሱ ግን የመጣው የትራክተር ባለቤቶቹ፣ የባጃጅ ሾፌሮቹና ለአጨዳ የወረዱት ሳሉጎች ሁሉ በተሰበሰቡበት ሰዓት ነው። እኔ ትራክተር ሥር ተኝቼ እግሬ ብቻ ወጥቶ ይታያል። ጠብቆ እስክወጣ እንኳ አላስቻለውም፤ የእርስዎን ቃል ለእግሬ ነገረው።

«አባትሽ እንዲህ ብለውሻል፤ ያቺን የሱዳን ቆርቆሮ ሽጠሽ፣ ያንን ሱሪ ጥለሽ፣ ለፋሲካ አገርሽ ግቢ። ዘመነ ሽማግሌ ልኮ ጠይቆሻል፣ እሺ ብለውታል። ሙያ ያስተማርንሽ የሰው መኪና ሥር እንድትንከባለይ አይደለም። በሱሪ ደጃቸው ብትደርሺ አይመርቁሽም።»

እኔም ካለሁበት ሳልወጣ ሰምቻለሁ በላቸው አልሁት። እስከ ዛሬ መልስ ያልላክሁልዎት ንቄዎት አይደለም፤ እንዴት አድርጌ እንቅዎታለሁ? የዚያች መኪና ሞተር ሳይነሳ አፌን መክፈት ስላልፈለግሁ ነው። ሥራው ሳይታይ የሚመለስ መልስ ወሬ ነው፤ ወሬ ደግሞ ባየልኝ ይበቃናል። አሁን ሞተሩ ተነስቷል። ስለዚህ መልሴ ይኸውልዎት፤ መኪናዋን አልሸጥም፣ ጋራዡን አልዘጋም፣ ዘመነንም አላገባም። ምርቃትዎን ግን እፈልጋለሁ። ካሉት ሁሉ ያስለቀሰኝ አልመርቅሽም ያሉት ብቻ ነው።

አሁን ባየልኝ ያወራውን ላቅናው። «አንድ አረብ መኪና ሰጣት» እያለ መንደር ለመንደር መዞሩን ሰምቻለሁ። በምን ሰጣት እንዲባል ፈልጎ እንደሆነም ይገባኛል። እሱ የሚያፍርበት ፊት የለውም። እርስዎ ግን ልጅዎን እያወቁ ዝም ብለው ማዳመጥዎ አንጀቴን አሳረረው። መኪናዋ የኔ አይደለችም፤ የሩፊዳ ናት። ሩፊዳ ማን እንደሆነች ልንገርዎት።

ሱዳን ጦርነት በተነሳ በዚያው ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ አብዱረሕማን የሚባል የካርቱም ሰው እርጉዝ ሚስቱን ሩፊዳን ይዞ በገላባት በኩል ወደ እኛ ተሻገረ። ሌላው ስደተኛ በጭነት መኪና ታጭቆ ሲመጣ እነሱ የመጡት በቀይ የእሽቅድምድም መኪና ነው፤ ባለ ሁለት በር፣ ባለ ሁለት ወንበር። አባቱ በወጣትነቱ የገዛት ናት፣ በዕድሜ ከእኔ ትበልጣለች። ከመሬት የምትርቀው አንድ ስንዝር ቢሆን ነው። የፊት መብራቷ እንደ ዓይን ይከደናል፤ ሲያበሩት ከኮፈኑ ላይ ብድግ ይላል፤ አንደኛው ታዲያ ሰንፎ ከጓደኛው እኩል አይነሳም። የገንዳ ውሃ ከተማ ሰው እንቅልፋሟ ብሎ ስም አወጣላት። እርስዎም «አንድ ጆንያ ሰሊጥ የማትይዝ መኪና ለምን ትረባለች» ብለው ስቀዋል አሉ። እውነትዎን ነው፣ ለጆንያ አትረባም።

ታዲያ ያቺ መኪና ከገዳሪፍ ጀምራ እየፈላች ነው የደረሰችው። የራዲያተሩ ቱቦ ተቀዶ ውሃዋን መንገድ ለመንገድ አፍስሳ ጨርሳለች። አብዱረሕማን ያቆማት አስፋልቱ ዳር ካለው ከዘመነ ጋራዥ ደጅ ነው። የኔ ዳስ ከመንገዱ ማዶ ስለሆነ ሁሉን በዓይኔ አይቻለሁ። ሰውየው ዘሎ ወረደና ሁለት እጁን እያወዛወዘ «ማፊ ሞያ! ማፊ ሞያ!» ይላል። በእነሱ ቋንቋ ሞያ ውሃ ነው፤ ማፊ ደግሞ የለም ማለት ነው። ውሃ የላትም፣ አትንኳት ማለቱ ነው። ይህን እዚህ ጠረፍ ላይ ገና አፉን የፈታ ሕፃን ያውቀዋል።

ዘመነ ግን ያን ጊዜ ከጎንደር ገና መውረዱ ነበር። ከአረብኛው የያዘው «ማፊ»ን ብቻ ነው፤ እሱንም የያዘው ስኳር ማፊ፣ ሲጋራ ማፊ ሲሉት ነው። ማፊ ሞያ ሲባል ሰው ሁሉ ፊት «ሙያ የለህም» ተብሎ የተሰደበ መሰለው። እልኽ ያዘው። «ሙያ የሌለኝ እኔ ነኝ?» ብሎ ዘሎ ገባና አስነሳት፤ ነዳጁን እስከ ወለሉ ድረስ ረገጠው። አብዱረሕማን «ማፊ ሞያ» እያለ በጮኸ ቁጥር እሱ ይብስበታል። እኔ «ውሃ ነው የሚልህ፣ አጥፋው!» እያልሁ መንገዱን ስሻገር ሞተሩ አንድ ጊዜ አጓርቶ ደርቆ ቀረ። ያን ድምፅ እርስዎ ቢሰሙት ኖሮ ጆሮዎን ይዘው ይቀመጡ ነበር። ውሃውን ሳታዪ ሞተር አታስነሺ ብለው በጥፊ ያስተማሩኝ ማን ሆነና።

እንግዲህ አግቢው ብለው የላኩብኝ ሰው ይህ ነው። ክፉ አይደለም፤ እኔ ልኩን ልናገር፣ ነገሩ ሲገባው አፍሮ መሬት መሬቱን አየ። ነገር ግን አፍሮም ቢሆን «ይቺስ ሞታለች፣ በትኖ መሸጥ ነው» ብሎ ፈረደባት። አብዱረሕማን አልሸጠም። ሩፊዳ ሴት ልጅ ተገላገለች፤ እሱም ካርቱም የቀረችው እናቱ ነገር እንቅልፍ ቢነሳው ሊያመጣት ተመለሰ። ሲሄድ ቁልፉን ለሚስቱ፣ መኪናዋን ለእኔ ትቶ «አማና» አለኝ። አደራ ማለቱ ነው። ይኸው እስከ ዛሬ ድምፁ የለም።

ሩፊዳ አሁን ሰሊጥ መጋዘን የጆንያ አፍ እየሰፋች ትኖራለች። ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራዋ ከመሄዷ በፊት ልጇን አዝላ ትመጣና መኪናዋ ውስጥ ትንሽ ተቀምጣ ትሄዳለች። መሪውን ትይዛለች፣ ሌላ ምንም አታደርግም። አንድ ቀን ባየልኝ ብረት በኪሎ የሚገዛ ሰው ይዞ መጣ። የማንን ንብረት ሊሸጥ እንደሆነ የጠየቀው የለም። ሩፊዳ ልጇን ይዛ ገባችና በሩን ከውስጥ ዘጋች። ሰውየው ሰው የተቀመጠበትን ብረት እንዴት ብሎ ይመዝን? ሚዛኑን ተሸክሞ ሄደ። ይህን ሞተር እኔ ካላነሳሁት ብዬ የማልሁት ያን ቀን ነው።

ሥራው ቀላል አልነበረም፤ ለሌላ ሰው ብነግረው ያዛጋል፣ እርስዎ ግን ይረዱኛል። ሞተር ለማውረድ ፓራንኮ ያስፈልጋል፤ ባለ ሰንሰለት ማንሻውን ማለቴ ነው፣ ማስተዋል እንዲገባት። ያለው ዘመነ ጋ ብቻ ነው። እየሳቀብኝም ቢሆን አዋሰኝ። አውርጄ ቴስታታውን፣ የሞተሩን ክዳን፣ ስከፍተው በሙቀቱ እንደ ደረቀ ቆዳ ተጣሟል። በክዳኑና በሞተሩ መሀል ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ነዶ ከሰል ሆኗል። ከአራቱ ፒስቶኖች አንደኛው ቤቱን ፍቆ ተጣብቋል። ዘይትና ናፍጣ ቀላቅዬ እያጠጣሁ፣ በእንጨት ቀስ እያልሁ እየመታሁ አባበልሁት። በብረት መምታት ለቸኮለ ሰው ነው፤ እኔ የሚያስቸኩለኝ ባል አልነበረኝም።

ቴስታታውን ጎንደር ብረት የሚላጥበት ቶርኖ ቤት ወስጄ ፊቱን አስላጥሁት። በጭነት መኪና ያስጫንሁትን የሞተሩን አካልም የተፋቀ ቤቱን በዚያው አስተካከሉልኝ። መንገዱ ተዘግቶ እዚያው ከረምሁ። ስመለስ ቴስታታውን አውቶቡሱ ላይ ጭነው ይጥሉብኛል ብዬ በነጠላ ጠቅልዬ ታቅፌው ነው የመጣሁት፤ አጠገቤ የተቀመጡት እናት ልጁ አመመው ወይ፣ ድምፁ የለም ብለው አዘኑልኝ። አዎ አሞት ነበር፣ አሁን ተሽሎታል አልኋቸው። አዲሱ ፒስቶን ደግሞ ከነፋሻው፣ ከነቀለበቱ ማለቴ ነው፣ ገዳሪፍ ተገኘ። ያገኘልኝ ገላባት የሚኖረው ሽማግሌው ሳጂድ ነው፤ ይህን ሥራ እዚህ ቆላ ያስተማረኝ እሱ መሆኑን ነግሬዎታለሁ። ወይካ በሚሉት ደረቅ ባሚያ ጆንያ መሀል አስቀምጦ ላከልኝ። እስካሁን ጋራዤ ባሚያ ባሚያ ይሸታል።

ገጥሜ ጨርሼ ሳስነሳት ተነሳች። ደስታዬ ግን ውሎ አላደረም። ዘይቱን አውጥቼ ሳየው እንደ ወተት ነጥቷል፤ ውሃ ገብቶበታል። አባባ፣ ያን ዕለት እውነቴን ነው ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። ዘመነ መጥቶ አየና ሰው በቃኝ ማለቱን ሲያውቅ ያምርበታል አለኝ። በቃኝ ማለት የሚያምርበት እሱ ይበል። እንደገና ፈታሁት። አንዱ ቡሎን የሚገባበት ቀዳዳ ሥር ዝገት ተጠራቅሞ ኖሮ፣ የጠበቀ መስሎኝ ክዳኑን ሳይጫነው ቀርቷል። በሽቦ ጠርጌ፣ በናፍጣ አጥቤ፣ አዲስ ጓርኒሲዮን አልብሼ ከመሀል ወደ ዳር እየዞርሁ አጠበቅሁት። እንዲህ አድርጎ ማጥበቅንም ቢሆን ሳጂድ ጋ ከመድረሴ በፊት የማውቀው ነው።

ጥምቀት ባለፈ ማግሥት ሩፊዳን ጠራኋት። ቁልፉ የሷ ነውና እሷ ታስነሳ ብዬ ነው። ገብታ ተቀመጠች፤ ልጇን እኔ ያዝሁላት። መንገዱ ዳር የባጃጅ ልጆቹ ተኮልኩለዋል። ታሪኩን ሁሉም ስለሚያውቀው እኔ ባለፍሁ ቁጥር «ማፊ ሞያ» ማለት ልማዳቸው ነበር፤ ለሴት ሲሏት ደግሞ በውሃ እንዳልሆነ ይገባኛል። ዘመነም ሥራውን ትቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ከመንገዱ ማዶ መጣ። ሩፊዳ ቁልፉን ልታዞር ስትል ቆም አለችና አንገቷን በመስኮት አውጥታ «ፊ ሞያ?» ብላ ጠየቀች። ውሃ አለ ወይ ማለቷ ነው። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ።

የመለሰላት ግን እኔ አይደለሁም። ዘመነ ነው። «አለ» አላት በአማርኛ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና «ሁለቱም አለ» አለ።

ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም። ቁልፉን አዞረችው፣ ሞተሩ ያዘ። ሳል የለ፣ ጭስ የለ፤ ዘይቱን አየሁት፣ ንጹሕ ነው። ሩፊዳ፣ ልጇ እኔ ጭን ላይ እንዳለች፣ መተማ ዮሐንስ ድረስ ይዛን ነዳች። ዘመነ እኔንስ አትወስዱኝም ቢለን መኪናዋ ባለ ሁለት ወንበር ናት፣ ለባል ቦታ የላትም ብዬው ሄድሁ። ጠረፉ ጋ ስንደርስ ሩፊዳ ፊቷን ወደ ገላባት አዙራ አቆመቻትና መብራቷን ትከፍት ትከድን ጀመር። ያ ሰነፉ ዓይን እንኳ ተነሳላት። አላለቀሰችም። ስንመለስ «አብዱረሕማን ሲመጣ ሞታ አያገኛትም» አለችኝ። ይህቺን መኪና ነው ሽጫት ብለው ያዘዙኝ።

የዘመነን ነገር ልጨርስ። ሁለቱም አለ ያለኝን ሰው አልጠላውም። ግን ይኸው ሰው ለባየልኝ «ካገባኋት መፍቻውን አስጥላታለሁ፤ ለሙያዋ ወጥ ቤቱ ይበቃታል» ብሎታል። ጠይቄው አልካደም። ታዲያ የትኛውን ዘመነን ላግባ? ሽማግሌዎቹን በክብር ይሸኙልኝ። ሁለተኛ ሽማግሌ ሲልክ መጀመሪያ መንገዱን ተሻግሮ እኔን ይጠይቅ፤ ደጄ ሩቅ አይደለም።

አባባ፣ እርስዎም ያው በአንዲት ቃል ነው የተጣሉኝ። ሙያ ለወንድ ሲሆን እንጀራው፣ ለሴት ሲሆን ወጧ ብቻ የሚሆነው በማን ሕግ ነው? ወጡንም አውቀዋለሁ። ወደዚህ የወረድሁት ኮኪት እርሻ ላይ ለሳሉግ ወጥ ልሠራ ነው፤ በልቶ የረገመኝ የለም። ሙያ ያስተማረችኝ ግን እማዬ ብቻ አይደለችም። የወፍጮዎን ሞተር የሚያቀዘቅዘውን በርሜል ውሃ እየቀዳሁ ስሞላ ያደግሁት እኔ አይደለሁም? «ዝም በይና ስሚያት፣ ምን ትላለች?» እያሉ ሞተሩ አጠገብ ያስቀመጡኝ ማን ነው? ቀሚሴ በሚሽከረከረው ቺንጋ ውስጥ ገብቶ እንዳይጎትተኝ ብለው በገዛ እጅዎ የወንድ ቁምጣ ያስለበሱኝስ? የመጀመሪያውን ሱሪ የገዙልኝ እርስዎ ነዎት፣ አባባ። ሰው ሲጠይቅዎ ወንድ ልጅ ስለሌለኝ ነው ይሉ ነበር። ይሁን። በምንም ምክንያት ይሁን አስተምረውኛል፤ ያስተማሩትን መልሺ አይባልም።

ይርዳው እንደነገረኝ ወፍጮዋ ከቆመች ከርማለች። ዓይንዎ ቡሎኗን ማየት ተስኖታል፤ ሌላ ሰው እንዳይነካት ደግሞ በሩን ቆልፈው ቁልፉን አንገትዎ ላይ አስረዋል። ያገሩ ሴት ሁሉ እህሏን ተሸክማ አምባ ጊዮርጊስ ትወርዳለች። እማዬም አብራ። ለማን እንዳስቀመጧት እርስዎ ባይነግሩኝም አውቃለሁ፤ ለማንም አላመኗትም። እንግዲህ ለፋሲካ ግቢ ብለውኛልና እገባለሁ። በሱሪ እመጣለሁ፣ ከነመሣሪያዬ። የእርስዎን ሞተር አውርጄ እከፍተዋለሁ። እርስዎ አጠገቤ ቁጭ ብለው ይሰሙታል፤ ጆሮዎ እንደሆነ አልደከመም። መመረቅ አለመመረቁን ሞተሩ ሲነሳ ይወስናሉ።

እማዬን ጉልበቷን ስመሽ፣ እህል ተሸክመሽ የምትወርጂው እስከ ፋሲካ ብቻ ነው በያት። አንቺም ማስተዋል፣ ሳትዘይ ስላነበብሽ ዓይንሽ ይባረክ፤ ትምህርትሽን እንዳትተዪ፣ ሱሪ ላመጣልሽ ነው። አክስቴን፣ ጎረቤቶቹን፣ ስለ እኔ ክፉ ያላወሩትን ሁሉ ሰላም በሉልኝ። ለባየልኝ ሰላምታ አልነበረኝም፤ ጾም ነውና ይድረሰው። ሩፊዳም ያላየቻችሁን እናንተን ሰላም ትላለች፤ ልጇ ስሜን አጣማ ትጠራኛለች።

አባባ፣ በርሜሉን ውሃ አስሞልተው ይጠብቁኝ። ባያስሞሉትም አልቀርም። ራሴ ቀድቼ እሞላዋለሁ፤ ድሮም የምሞላው እኔ ነበርሁ።

ልጅዎ አይናዲስ ደረበ
ገንዳ ውሃ
የካቲት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.